የተንጫጫው ሻማ የእኔ ነው

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ስለ ጎረቤቴ ስለ ልብስ ሰፊዋ ጠይቀሽኛልና ከእሷ ልጀምር። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ከሆስፒታል ከወጣች ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። በአንድ ምርኩዝ መራመድ ጀምራለች። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጪ ብሏታል፤ እሷም ሐኪሙ በሌለበት ብቻ ነው የምትወጣው። ባሏ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወጥ ቤቱን ተረክቦ ማንንም አላስጠጋ ብሏል። ሾርባ ነው ብሎ የሚያቀርብላትን ነገር እኔም ቀምሼዋለሁ፤ እሷ ቶሎ የዳነችው ከዚያ ሾርባ ለመገላገል ይመስለኛል። ትልቋ ልጃቸው በሰላም ተገላግላለች፣ ሴት ናት። ትንሿ አሁንም አላገባም እንዳለች ነው፤ እናቷም መጠየቁን ትታለች፣ ወይም እኔ ባለሁበት አትጠይቃትም። ሰላምታዋን እንዳደርስልሽና የሰፋችልሽ ቀሚስ ጠቦሽ እንደሆነ እንድጠይቅሽ ነግራኛለች። ልክ ነው በያት። ጠበበኝ ብትያት ጥፋቱን በአንቺ ላይ እንጂ በመቀሷ ላይ አታደርገውም።

እኔ ደህና ነኝ። ስልኩ ለጆሮሽ አልስማማ ካለ ወዲህ ደብዳቤውን ለምጄዋለሁ። እንዲያውም ስጽፍ አንቺ ስለማታቋርጪኝ ይሻለኛል።

ሻማው ይሸጣል ወይስ እቤትሽ ደርድረሽው ነው ላልሽው፣ ይሸጣል። ከልብስ ማጠቢያው ድርጅት ካሰናበቱኝ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ባይሸጥ ኖሮ በምን እኖር ነበር? አበባ ሻጯ ከአበቦቿ መሀል ታስቀምጥልኛለች። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ባለቤት፣ መነጽሬ የምንለው፣ ከደብተሮቹ በላይ አንድ መደርደሪያ ለቆልኛል። በየሁለት ወሩ ደግሞ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የእጅ ሥራ ባዛር አለ፤ እዚያ አንድ ጠረጴዛ አለኝ።

አሠራሩን ለጎረቤቶችሽ ለማስረዳት እንዲመችሽ እንደገና ልጻፍልሽ። አንዱን ረጅም ክር አጥፌ ዘንግ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ሁለቱ ጫፎች አንድ ላይ የቀለጠው ሰም ውስጥ ይጠልቃሉ፣ ይወጣሉ፣ እስኪበርዱ ይጠበቃሉ፣ እንደገና ይጠልቃሉ። ሠላሳ ጊዜ። መጨረሻ ላይ በአንድ ክር የተያያዙ ሁለት ሻማዎች ይወጣሉ፤ እኔም ሳልቆርጥ በጥንድ በጥንዱ እሸጣቸዋለሁ። በመሀላቸው ክሩ ላይ ትንሽ ወረቀት አስሬ «ባለሻማዋ» ብዬ እጽፍበታለሁ። መንገዱ ሁሉ የሚጠራኝ እንዲያ ነው።

ባለ ከረባቱ ያዘዘኝን ሰማንያ ጥንድ በዐሥር ቀን እንዴት ትደርሺበታለሽ ላልሽውም አታስቢ። የስጦታ ዕቃ መደብር ያለው ሰው ነው፤ ሁለተኛ መደብሩን ሲያስመርቅ ጠረጴዛው ሁሉ በእኔ ሻማ እንዲበራ ይፈልጋል። የሚያዘገየኝ ሰሙ እስኪበርድ መጠበቁ ነበር። ለሱ ዘዴ አግኝቼለታለሁ፣ ብታዪኝ ትስቂያለሽ። አንድ ባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ከሰሙ አውጥቶ ባልዲው ውስጥ፣ ከባልዲው ወዲያው ሰሙ ውስጥ።

ለጋሼ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ።

እህትሽ


ጥቅምት 22 ቀን

ለእትዬ፣

ቶሎ ሳልመልስልሽ በመቅረቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው እንዳልልሽ ሥራ አልበዛብኝም። እንዲያው ቀኑ አምልጦኝ ነው።

ምርቃቱ እንዴት ነበር ላልሽው፣ ብዙ ሰው መጥቶ ነበር አሉ። እኔ አልተጠራሁም፣ የተጠራው ሻማው ነው። ሰዉ አየልሽ ወይ ብለሻል። ያላየው የለም። ሙዚቃ ነበር ወይ ብለሻል። ድምፅማ ነበር።

ባለ ከረባቱ ሌላ ያዘኝ እንደሆነ ገና እየተነጋገርን ነው።

ልብስ ሰፊዋ ምርኩዙን ጥላለች። የልጅ ልጇን ለማየት ሄዳ ሁለት ቀን አድራ ስትመለስ ሕፃኗ እሷን እንደምትመስል ነገረችኝ። ባሏ ደግሞ እሱን ትመስላለች አለ። ሕፃኗ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላትም፤ እኔ ግን አፌን ይዤ ወጣሁ።

በዚህ ሳምንት ሰም አላቀለጥኩም፤ ቤቱን እያጸዳሁ ነው። መጋረጃዎቹን ሁሉ አውርጄ አጥቤያለሁ። ከቁምሳጥኑ ጀርባ ያንቺን አንድ እግር የጆሮ ጌጥ አገኘሁ፤ ሌላኛው ካለሽ ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።

ሌላ የምጽፍልሽ አዲስ ነገር የለም።

እህትሽ


ኅዳር 2 ቀን

ለሚጡ፣

ሌላኛው የጆሮ ጌጥ አለኝ። እሱን ተዪውና አሁን እኔን ስሚኝ።

አንቺ መጋረጃ ስታጥቢ አንድ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ባልሽ ጥሎሽ የሄደ ጊዜም መጋረጃ ነበር የምታጥቢው። ስለዚህ ለልብስ ሰፊዋ ጻፍኩላት፤ እሷም አራት ገጽ መለሰችልኝ። አንዱ ገጽ ስለ ቀሚሱ ነው፣ የቀረው ስለ አንቺ።

ሻማዎቹ በምርቃቱ ላይ እየተንጫጩ እሳት ሲረጩ ነበር አለችኝ። የአንዲት እንግዳ የሐር ሻርፕ ተበሳ። መነጽሬ ሻማሽን ከመደርደሪያው አውርዶ ከባንኮኒው ሥር ከተተው። አበባ ሻጯም እንደዚያው። ይሄን ሁሉ ከሰው አፍ መስማቴ አሳዝኖኛል፤ ያሳዘነኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። ባለ ከረባቱ ሰውዬ ከዚያ በኋላ እቤትሽ ድረስ መጥቶ ሻማሽን ሁሉ እወስዳለሁ ብሎሻል። ክሩን ቆርጠሽ፣ ወረቀትሽን ትተሽ፣ በሱ ካርቶን በሱ ስም ይሸጥ አለሽ። አንቺ ምን አልሽው? በሩን ዘጋሽበት።

እህቴ፣ ሃምሳ ሊሞላሽ ነው። ሰውየው ሊያወጣሽ ነው የመጣው። በጨለማ ማን ወረቀት ያነባል? ሻማው ሲያልቅ ወረቀቱም ይጣላል። እሺ በይውና በሰላም እደሪ። እኔ እዚህ ሻማሽን ከእህቴ እጅ የወጣ ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ሰጥቻለሁ፤ ከእንግዲህ ባልል ምን ይጎድልብኛል?

እሺ አልልም ካልሽ ደግሞ የሰም ድስቱን ሽጪና እኔ ጋ ነዪ። የልጁ ክፍል ባዶ ነው። ጋሼሽም ትምጣ ብሏል፤ እሱ ደግሞ እንደምታውቂው በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚናገረው።

ታላቅሽ


ኅዳር 9 ቀን

ለእትዬ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። መጀመሪያ ለአንቺ መንገር ነበረብኝ። አፍሬ ነው፤ ደግሞም ያፈርኩት በሰዎቹ አይደለም፣ በሥራው ነው። አሁን ሁሉንም ልንገርሽ፣ ልብስ ሰፊዋ ካስቀረችው ጋር። እሷ ብዙም የምታስቀር አይደለችም።

ጥፋቱ የባልዲው ነው፤ ማለቴ የእኔ ነው። ሻማ ከቀዝቃዛ ውኃ ሲወጣ ላዩ ላይ ጠብታ ይቀራል፤ ያንን በጨርቅ ጠርገሽ ነው ወደ ሰሙ የምትመልሺው። ይሄን ሻማ መሥራት የጀመረ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን ሰማንያ ጥንድ በዐሥር ቀን ብዬ፣ ጠብታው ሰሙ ውስጥ ይረግፋል ብዬ፣ ሳልጠርግ ነከርኩት። ውኃው በሰሙ መሀል ታሽጎ ቀረ። እሳቱ ሲደርስበት ጣ ጣ ይላል፣ እንደተናደደ ሰው ምራቁን ይተፋል። በዓይን ሲታዩ ግን እንደነሱ ያማረ ሠርቼ አላውቅም። አንዱን እንኳ አብርቼ ሳልሞክር አስረከብኩ። ይሄ ነው ጥፋቴ፣ ከዚህ አላሳንሰውም።

የሻርፑን ነገር የነገረችኝ የመደብሩ አሻሻጭ ናት። እያለቀሰች ነበር፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ በየጠረጴዛው የበራው ሃያ ሻማ አንድ ላይ መንጫጫት ሲጀምር ንግግር ያደርግ የነበረው እንግዳ የተጨበጨበለት መስሎት አጎንብሶ አመሰገነ አለችኝ።

አሁን ደግሞ ስለ ወረቀቱ። በጨለማ ማን ያነባል ብለሽኛል። እትዬ፣ ያን ቀን ሁሉም አንብቦታል። ሻማው መንጫጫት እንደጀመረ ባለ ከረባቱ መጀመሪያ ያደረገው ወረቀቱን አንስቶ ለእንግዶቹ ማሳየት ነው። የእኔ አይደለም፣ ይኸው የሠራችው ሴት አላቸው። ውሸቱን አይደለም፣ አልከሰውም። ግን በሳምንቱ ያው ሰው መጥቶ ወረቀቱን ቅደጂው ሲለኝ ምን ልበል? ሲበላሽ የእኔ፣ ሲያምር የሱ?

ደግሞ በሩን ዘጋሽበት ያልሽው ትክክል አይደለም። አስገባሁት፣ ወንበር ሰጠሁት፣ ውኃ አቀረብኩለት። ድስቱን እያየ፣ ዘንጎቹን እየነካካ ብዙ አወራ። የዚህ መንገድ ሱቆች ሁሉ እሱን እንደሚሰሙት፣ እሱ ካላስገባኝ ማንም እንደማያስገባኝ ነገረኝ። ከዚያ፣

«ስምሽ ተበላሽቷል። በእኔ ስም ብትሠሪ ይሻልሻል» አለኝ።

«ያበላሸሁት እኔው ነኝ፤ የማስተካክለውም እኔው ነኝ» አልኩት። «አንተ ከወሰድክልኝ በምን አስተካክለዋለሁ?»

ውኃውን ሳይጠጣ ተነሣ። በሩን የዘጋሁት ከሄደ በኋላ ነው፣ ነፋስ ስለነበረ።

ከሰማንያው ሃምሳ ሰባቱን መልሶልኛል። ከቀረው ገሚሱ እዚያው በርቷል፣ ገሚሱ እንግዶቹ ሲገቡ በስጦታ ተሰጥቷቸው በየቤታቸው ነው። የተመለሰውን በዝግታ አቀለጥኩት። ድስቱ ውስጥም ዝም አላሉም፣ ተንጫጩ፤ እኔም እንደ እብድ መልስ ሰጠኋቸው። አሁን እንደ ድሮዬ ሠላሳ ጊዜ፣ በየመሀሉ እያስቀመጥኩ፣ ባልዲ የሚባል ነገር እቤቴ ሳላስጠጋ እየሠራሁ ነው። ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ጥንድ አውጥቼ እስከ ታች አነዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ሻማ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ የማይ ሴት ሆኛለሁ።

ባዛሩ ኅዳር 24 ነው። ሰብሳቢዋ በአበባ ሻጯ በኩል ልካብኝ፣ ይሄን ዙር ብትቀሪ ላንቺም ለእኛም ይሻላል አለችኝ። ጠረጴዛዬን የተመዘገብኩት በነሐሴ ነው፤ እመጣለሁ ብዬ መለስኩላት። ሰሌዳም ይዤ እሄዳለሁ። የምጽፍበትን እስካሁን አራት ጊዜ አርሜዋለሁ።

ስለ ክፍሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ ጋሼንም አመስግኚልኝ። ልጠይቃችሁ እመጣለሁ እትዬ፣ ልሸሸግ ግን አልመጣም። ድስቱንም አልሸጥም።

እህትሽ


ኅዳር 26 ቀን

ለእትዬ፣

ዕድሜ ልክሽን ረጅም ደብዳቤ ስትጽፊልኝ ኖረሽ አሁን አንድ መስመር ብቻ፦ «ሰሌዳውን ሰቀልሽው ወይ?» ተቆጥተሽ ይሁን ፈርተሽልኝ አላወቅኩም። ሰላምታም የለውም። እኔ ግን ሰላም ብያለሁ።

ሰቅዬዋለሁ። ልብስ ሰፊዋ ጥቁር ጨርቅ በጣውላ ላይ ወጥራልኝ በነጭ ጠመኔ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ይላል፦

«በስጦታ ዕቃ መደብሩ ምርቃት ላይ የተንጫጫው ሻማ የእኔ ነው። ውኃውን ሳልጠርግ የሠራሁት ነው። በእጁ ያለ ሰው ያምጣው፣ በደህና እለውጥለታለሁ። ባለሻማዋ።»

ፊደሉ ትንሽ ተጣሟል። ሻማውም የእጅ ሥራ ነው፣ ሰሌዳውም።

ጠዋት አዳራሹ ሳይከፈት መጀመሪያ የመጣችው ሰብሳቢዋ ናት። አንብባ ስትጨርስ እንዳወርደው ነገረችኝ። ሰው ሊገዛ ነው የሚመጣው፣ ጥፋት ሊያነብ አይደለም አለችኝ፤ ከአንቺ ጠረጴዛ አልፎ የሁላችንንም ያጠቁረዋል አለችኝ። ከጎኔ የቅርጫት ሠሪዎቹ ጠረጴዛ ነው፤ እነሱም ቅርጫቶቻቸውን ትንሽ ወደ ወዲያ ገፋ ሲያደርጉ አይቻለሁ። ሰሌዳው ከወረደ እኔም እወርዳለሁ አልኳት። እንግዲያው ራስሽ ታውቂያለሽ ብላ ሄደች። እትዬ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና፣ የጉልበት በሽተኛዋ እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ።

እስከ ረፋዱ ድረስ የሚያነብ እንጂ የሚቀርብ አልነበረም። ያነባሉ፣ ፊቴን ያያሉ፣ ያልፋሉ። እኔም ማን ናት ብለው እንዳይቸገሩ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ባለ ሻርፗ መጣች። ረጅም ሴት ናት፣ ሻርፑን በእጇ ይዛዋለች። ሰላም ሳትለኝ ዘርግታ ቀዳዳውን አሳየችኝ፤ ምስር ያክላል። እኔም የእኔ ጥፋት ነው ብቻ አልኳት። ልብስ ሰፊዋ ሻርፑን ከእጇ ተቀብላ በመነጽሯ ሥር አገላብጣ አየችውና ተቀመጪ፣ ሻማውን እያየሽ ጠብቂኝ አለቻት። በማይታይ ክር ደፈነችላት። ሴትዮዋ በጣቷ ብትዳስሰው ቦታውን ማግኘት አቃታት። ከዚያ ነው የተናገረችው። ካሳ ልጠይቅ መደብሩ ሄጄ ነበር አለች፤ ባለቤቱ፣ ሠሪዋ አገር ጥላ ጠፍታለች ብሎኝ ነበር አለች። ድምፅዋን አልቀነሰችም። ቅርጫት ሠሪዎቹ ሁሉ ሰሙ። ሁለት ጥንድ ወሰደች፣ ወረቀቱንም እንዳልፈታው ነገረችኝ።

ከእሷ በኋላ ሰው መቅረብ ጀመረ። አሥራ አንድ ጥንድ ተመልሶልኝ ለወጥኩ። አንድ ሽማግሌ የሳቸውን ይዘው መጥተው አልለውጥም አሉኝ። ለምን መጡ ታዲያ ብላቸው፣ «ሚስቴ ካኮረፈችኝ ሳምንቷ ነው፤ ማታ ገበታው ላይ የሚያወራኝ እሱ ብቻ ነው። ሌላ አለሽ ወይ ብዬ ነው» አሉኝ። የተመለሰልኝን ላቀልጠው ነው፣ አልሸጥልዎትም አልኳቸው። አዘኑብኝ። ደህናውን ጥንድ በግድ ሰጥቼ፣ የሚያወራውን ከጨርቅ አርቀው እንዲያበሩት አስምዬ ሰደድኳቸው።

አበባ ሻጯ እቅፍ አበባ ይዛ መጣች። ሻማዬን ከባንኮኒው ሥር የከተተችው ባለ ከረባቱ አውርጂው ስላላት እንደሆነ፣ እሷም ያፈረችበት እንደሆነ ነገረችኝ። ፊቷን ሳላይ አበባውን ተቀብዬ ውኃ ውስጥ አደረግሁት። ከሰኞ ጀምሮ መልሺልኝ አለች። እሺ አልኳት፣ ወረቀቱ ፊት ለፊት እንዲታይ ሆኖ። መነጽሬም መጣ። እሱ አላፈረም፣ ወይም ማፈሩ አይታወቅበትም፤ መደርደሪያው ባዶውን ነው፣ አቧራ እየሰበሰበ ነው ብቻ አለኝና ሄደ። ከመነጽሬ ይሄ ትልቅ ንግግር ነው።

ባለ ከረባቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። አሻሻጯ ከኋላው አለች። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበው።

«ለእኔ አስረክበሽ ቢሆን ይሄ ሁሉ አያስፈልግሽም ነበር» አለኝ።

«ብዙ ነገር አያስፈልገኝም ነበር» አልኩት። «ስሜም ጭምር።»

በእኔ መደብር ከእንግዲህ አንድ ሻማሽ አይገባም አለ። እሱንስ በሩ ላይ ጽፈኸው እንደሆነ ብዬ ልጠይቀው ነበር፣ ተውኩት። ሲሄድ አሻሻጯ ወደ ኋላ ቀረት ብላ አንድ ጥንድ አነሣች፤ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ወረቀቱ ውጭ ቀረ፣ እሷም አላስገባችውም። እንደዚያው እየተወዛወዘ ከኋላው ተከተለው።

እንግዲህ የሱ መደብር ቀርቶብኛል። ትልቁ ገዢዬ እሱ ነበር፤ መጪዎቹ ወራት ይከብዱኛል፣ አልዋሽሽም። ከእንግዲህ ምንም አልደብቅሽም ብዬ ስለማልኩ ነው የምነግርሽ። ግን ጠረጴዛው ላይ የቀረኝ አራት ጥንድ ብቻ ነበር።

ዕቃዬን ስሰበስብ ሰብሳቢዋ መዝገቧን ታቅፋ ተመልሳ መጣች። ሰዉ ቅሬታ አቅርቧል አለች፤ የማን ቅሬታ እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ኮሚቴው ተነጋግሮ ለሚቀጥለው ባዛር ቦታዬን ከመግቢያው አንሥቶ መጨረሻ ላይ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ አድርጎታል። ይሄን ስትለኝ ዓይኗን ከመዝገቡ አላነሣችም። ጥሩ ቦታ ነው አልኳት፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይመጣበት የሚውል ሰው የለም። ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ሰሌዳውን ሳወርደው እያየች፣

«ይሄንንም ይዘሽ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

«ይዤው ነው።»

«እንግዲያው በትልቁ ጻፊው» አለችኝ፣ «ከበሩ ላይ ሆነው ሲያዩት እዚያ ድረስ አይነበብም።»